የአርፋጆች መዝገብ

ስምንተኛ ክፍል ስማር አንድ ቀን እንኳ አርፍጄ አላውቅም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። በከተማችን በመካነ ሰላም ካሉ ተማሪዎች ሁሉ እንደ እኔ ሰዓት የሚያከብር ካለ ይምጣና እንተያይ። ሌላው የመጨረሻውን ደወል ሰምቶ ሲሮጥ እኔ በር ላይ ቆሜ አየዋለሁ። በግንቦት ወር የሆነችውን አንዲት ቀን ግን አትቁጠሩብኝ፤ እሷን ራሴ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ፋና ወልደሩፋኤል ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። ቤታችን ከትምህርት ቤታችን አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። ከደጃችን እስከ ትምህርት ቤቱ በር አርባ ሁለት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። የመጀመሪያው ደወል የሚደወለው እኔ ፊቴን ስታጠብ ነው፤ ፊቴን አብሼ፣ ሻይ ጠጥቼ፣ ከታናሽ እህቴ ጋር ተጣልቼ እደርሳለሁ። ይህን የምጽፈው ወላጆች፣ መምህራን፣ እንደ እኔም በእጃችሁ መዝገብ የያዛችሁ ሁሉ እንድታነቡት ነው። በብዙ ሰው እጅ መዝገብ አለ፤ ሌላው ቢቀር በልቡ አለ።

ዘንድሮ በመስከረም የአርፋጆች መዝገብ ያዥ ሆኜ ተመረጥኩ። ሥራው እንዲህ ነው። ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘበኛችን ጋሽ ያለው በሩን ይዘጋሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እኔ እጽፋለሁ። መዝገቡ አራት ዓምድ አለው፦ ስም፣ ክፍል፣ የመጣበት ሰዓት፣ ምክንያት። የተጻፈ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አይገባም፤ በተቀደደ ባልዲ ውሃ እየቀዳ በአጥሩ ጥግ የተተከሉትን ችግኞች ሲያጠጣ ይቆያል። ከዚያ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ይገባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ምክንያት እጠይቅ ነበር። አንዱ በቅሎ ጠፋብን አለኝ፤ በቅሎ እንደሌላቸው ሰፈር ያውቃል። ሌላው አያቱን በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ቀበረ። በቃ መጠየቁን ተውኩት። ምክንያት በሚለው ዓምድ ከላይ «ስንፍና» ብዬ እጽፍና ከሥሩ ላሉት ሁሉ ሁለት ሁለት ጭረት አደርግላቸዋለሁ። ገጹ ሲያምር ብታዩት።

ከሁሉ በላይ መዝገቤን የሞላችልኝ ሀጀራ ናት። የእኔው ክፍል ልጅ ናት፤ ከኋላ ትቀመጣለች። የምትመጣው ገደል ሥር ከምትባል ጎጥ ነው፤ ከከተማው ቁልቁል ወርዶ አንድ ሰዓት መንገድ፣ ሽቅብ ሲሆን ከዚያም በላይ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ በሰዓቱ ትመጣ ነበር። ከኅዳር ጀምሮ ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። የስሟን ፊደል ተኝቼ ብጽፈው አልስተውም።

«ሀጀራ፣ ዛሬም?»

«ዛሬም።»

«ከላላ አድረሽ ነው እንዴ የምትመጪው?»

«ከላላ ባድር በመኪና እመጣ ነበር።»

ጋሽ ያለው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ጻፍኩና ሁለት ጭረት አደረግኩ። እሷ ባልዲውን አንስታ ሄደች።

«እስቲ ልጅቷን ጠይቂያት፣» አሉኝ ጋሽ ያለው አንድ ቀን። «ሰው ካለ ነገር በየቀኑ እኩል ሰዓት አያረፍድም።»

«ጋሼ፣ አርፋጅና ውሸት መንታ ናቸው።»

«አንቺና ምላስሽስ?»

ነገሩ በዚህ አለፈ። ግንቦት ገባ። አንድ ሰኞ ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህራችን መምህር ኒቆዲሞስ ወደ ፊት ወጡ። ከሁለተኛው መንፈቅ ጀምሮ የመጡልን ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ ረጅም ነው፤ የዚያን ቀን ግን አጭር ተናገሩ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የሚወጣው እንደ ልማዱ ይሸለማል። ዘንድሮ ግን አንድ ሌላ ሽልማት ይኖራል አሉ። ደረጃ አይታይበትም። ችግር እያለበት ትምህርቱን ላልተወ፣ ወድቆ ለተነሳ፣ ሳይታክት ለመጣ ተማሪ ነው። በወላጆች ቀን፣ ሕዝብ ፊት።

ሰልፉ እንደ ንብ ቀፎ ተንጫጫ። ሁሉም ችግሩን ማውራት ጀመረ። ከጎኔ ያለችው ልጅ ጫማዋ ሁለት ጊዜ እንደተቀደደ አስታወሰች። እኔ ግን ዝም አልኩ፤ ያሸነፈ ሰው አይንጫጫም። አንድ ቀን ሳልቀር፣ አንድ ቀን ሳላረፍድ፣ ጉንፋን ይዞኝ እየመጣሁ ከእኔ ሌላ ማን ሊሸለም ነው? ወደ ቤት በሩጫ ገባሁ።

«አባ፣ እኔ ነኝ የምሸለመው።»

«በምኑ፣ ልጄ?»

«በጽናት። አንድ ቀን አልቀረሁም።»

አባቴ የሚያነቡትን መጽሐፍ በጣታቸው ይዘው ቀና አሉ። «አርባ ሁለት እርምጃ ተራምደሽ?»

«በብርድም መጥቻለሁ እኮ።»

«እኔ ምን አልኩ፤ እርምጃውን የቆጠርሽው አንቺ ነሽ።»

በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ሌላ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ብዙ ቀን ቀሪ የሆኑ ተማሪዎች እስከ ሰኞ ወላጅ ካላመጡ ስማቸው ይሰረዛል፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተናም አይቀመጡም ይላል። ከላይ የተጻፈው ስም የሀጀራ ነበር። ቀሪ፣ የዚያን ዕለቱን ጨምሮ መቶ አሥራ ሁለት ቀን።

ችግኝ ስታጠጣ አገኘኋት።

«ወላጅ አምጪ ተብለሻል።»

«አይቻለሁ። እናቴ ጅዳ ናት። በምን ላምጣት?»

«አባትሽስ?»

«ከሞተ አራት ዓመቱ።»

«ሌላ ትልቅ ሰው የለም?»

«አያቴ አለች። ዓይኗ አያይም።» ባልዲውን አስቀመጠች። «አክስቴ ከተሰረዝሽ ፓስፖርት አውጪ ብላኛለች። እናቴ ያለችበት ልሄድ ነው። እናቴ ደግሞ የሰው ቤት የምታጥበው እኔ እንዳልመጣባት ነው።»

እኔ የምለው ሲጠፋኝ ደግሞ የማይረባ ነገር እላለሁ። «ታዲያ ቀደም ብለሽ አትመጪም ነበር?»

አየችኝ። ባልዲዋን አንስታ ወደሚቀጥለው ችግኝ ሄደች።

ከዚያ መምህር ኒቆዲሞስ ቢሮ ጠሩኝ፤ መዝገቡን ይዘሽ ነይ አሉ። ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ ፀጉሬን አስተካክዬ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ የክፍላችን የስም መጥሪያ ተዘርግቷል። የእኔን መዝገብ ከጎኑ ዘረጉና በጣታቸው ሁለቱን እኩል እየነኩ ወረዱ። ኅዳር ሦስት፣ ኅዳር ሦስት። ኅዳር አራት፣ ኅዳር አራት። ብዙ ቆዩ።

«ፋና፣ ይህች ሀጀራ የምትባለው ቀሪ ናት ወይስ አርፋጅ?»

«አርፋጅ ናት፣ ቲቸር። የአርፋጅ አለቃ ናት።»

«ኅዳር ሦስት በስም መጥሪያው ቀሪ ናት። ባንቺ መዝገብ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መጥታለች።»

«ስም የሚጠራው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ነዋ። እሷ ያን ጊዜ ችግኝ ታጠጣለች።»

ይህን ከአፌ ሳወጣ ጆሮዬ ሰማው። መምህር ኒቆዲሞስም እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«ስለዚህ እኛ እዚሁ ግቢ ውስጥ አስቁመናት፣ የለችም ብለን መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ጽፈናል።»

ገጾቹን እንደገና ገለበጥኩ። እውነት ነው። ቀሪ በተባለችበት ቀን ሁሉ በእኔ መዝገብ አለች። አንድም ቀን አልጎደለም። የገበያ ቀን አለች፣ በረዶ የጣለ ዕለት አለች። እኔ ስከሳት የኖርኩበት ወረቀት መጥታለች ብሎ ይመሰክርላታል። ጮኼ መንገር አሰኘኝ።

«ቲቸር፣ አንድ ቀን አልቀረችም እኮ። በጭራሽ አልቀረችም።»

«ቆይ፣ ይህ ምንድን ነው?» ምክንያት የሚለውን ዓምድ አሳዩኝ። «ስንፍና። ስንፍና። ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት። በመስከረም በሰዓቱ ትመጣ ነበር። ስንፍና እንደ ውርጭ በኅዳር ነው የሚገባው?»

የጭረቶቹን ዓምድ በእጄ ሸፈንኩ።

«ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እኛም ይህን መዝገብ በየሳምንቱ ፈርመንበታል፤ ስህተቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እንግዲህ ሂጂና ምክንያቱን በዓይንሽ አይተሽ ሙዪልኝ።»

አባቴን አስፈቅጄ የዚያኑ ዕለት ከትምህርት በኋላ ከሀጀራ ጋር ቁልቁል ወረድኩ። እኔ ድንጋይ እየያዝኩ እወርዳለሁ። እሷ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለች የሂሳቡን አምስተኛ ምዕራፍ በቃሏ ትደግማለች። ሂሳብ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ከኅዳር ወዲህ አልተማረችም።

«ታዲያ እንዴት ፈተናውን ታልፊያለሽ?»

«መምህሩ ሰሌዳ ሳያጠፋ የወጣ ቀን ቶሎ ብዬ እገለብጣለሁ። ካጠፋው በአሻራው እገምታለሁ።»

ደብተሬን አውሺኝ ብላኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ይቆሽሽብኛል ብያት ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ግን ነገርኳችሁ።

አያቷ እማማ ብዙዬ እጄን ይዘው ዳበሱኝ። «የቄሱ ልጅ ነሽ? መርሐባ። እጅሽ ለስላሳ ነው፤ ውሃ አትቀጂም?» ቧንቧ ግቢያችን ውስጥ ነው ስላቸው «አልሐምዱ ሊላህ፣ የታደልሽ» አሉኝ። ሽሮ ቀረበ፤ «ሥጋ የለበትም፤ ሳትሰጊ ብዪ» አሉ። በላሁ፤ እንደ ድንጋይም ተኛሁ።

ጎህ ሲቀድ ሀጀራ ቀሰቀሰችኝ። እሷ ሁለት ጀሪካን፣ ለእኔ ትንሿን አስር ሊትር። ቤታቸው አጠገብ ያለችው ምንጭ ክረምት ካለፈ ኅዳር ላይ ትደርቃለች። ከዚያ በኋላ ያለው ውሃ የመንደሩ የጋራ ቧንቧ፣ የቦኖው ብቻ ነው። ቦኖው በበጋ የሚከፈተው ጠዋት አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ተቆልፎ ይውላል። ሀጀራ ካልቀዳች እማማ ብዙዬ ያለ ውሃ ይውላሉ።

ቦኖው ዘንድ ስንደርስ ሰልፉ የጀሪካን ነው። ቁልፉን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ አባባ ጀብሪል ናቸው።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ።»

«ወዐለይኩመ ሰላም። ይቺ ማን ናት?»

«የማረፍድበትን ምክንያት ልትጽፍ የመጣች ናት።»

«እስቲ ጻፊ፣» አሉኝ። «ፀሐይ ያቺን ቋጥኝ ስትነካ አንድ ሰዓት ነው። ያኔ እከፍታለሁ።»

ቋጥኙን አየሁት። ፀሐይዋ ገና የት ናት። ከሀጀራ ፊት ዘጠኝ ጀሪካን አለ። አንድ ሰዓት ላይ ተከፍቶ፣ ተራ ደርሶ፣ ውሃው ቤት ገብቶ፣ ያ ዳገት ተወጥቶ እንዴት ነው ሁለት ሰዓት የሚደረሰው? ሂሳቡን እኔ በጣቴ ሠራሁት፤ አይደረስም። ንስር ብትሆን እንጂ።

«አባባ፣ እርስዎ ግን ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የተቀመጡት?»

«ጎህ ሲቀድ ሱብሂ ሰግጄ እመጣለሁ። ቤት ምን እሠራለሁ?»

«ቁልፉም አብሮዎት አለ?»

«የት ይሄዳል፣ አንገቴ ላይ ነው።»

«ታዲያ ለምን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አይከፍቱም?»

«አንድ ሰዓት ክፈት ተብዬ ነዋ።»

«ማን አለዎት?»

ማሰብ ጀመሩ። «ኮሚቴው ነው። ሁለቱ ሞተዋል፣ አላህ ይማራቸው። አንዱ ከተማ ገብቷል።» ቁልፉን ዳበሱት። «ስድስት ዓመት ስከፍት ሰዓቱን የጠየቀኝ ሰው የለም።»

«እኔ ጠየቅኩዎት።»

«አንቺ ዛሬ መጣሽ። እነዚህ ሁሉ አሉ፤ ልጠይቃቸው» አሉና ወደ ሰልፉ ዞሩ። ከኋላ የቆመች አንዲት እናት «እኛማ እርስዎን እንዳናስቀይም ብለን ነው» አለች። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አባባ ጀብሪልም ሳቁ፤ ግን ፀሐይዋ ቋጥኙን እስክትነካ አልተነሱም። ከነገ ጀምሮ ነው አሉ፤ ሕግ ሕግ ነው።

ትንሿ ጀሪካኔ ግማሹን ቀሚሴ ላይ ደፋችው። ከዚያ ዳገቱ። እናንተዬ፣ ያን ዳገት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ሀጀራ ከፊቴ ናት፤ አንዴ ደብተሬን ያዘችልኝ፣ አንዴ እጄን፣ በመጨረሻ ሁለቱንም። «አብሽሪ፣ ከዚህ በኋላ አጭር ናት» ትላለች፤ አጭር ግን አልነበረችም። ግማሽ ላይ ስንደርስ ከላይ ደወል ተሰማ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደወሉን ከሩቅ ሰማሁት። ሌላ ድምፅ ነው ያለው፤ እንደ መርዶ ነው።

ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ በሩ ዘንድ ደረስን። ጋሽ ያለው በፍርግርጉ አዩን፤ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ መዝገቡንና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

«መዝገብ ያዧ አርፍዳብኛለች፣» አሉ። «ስትመጣ እስክትጽፋችሁ ጠብቁ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«እንዲያ ከሆነ ራስሽን ጻፊ።»

ጻፍኩ። ፋና ወልደሩፋኤል፣ ስምንተኛ ለ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት። ምክንያት የሚለው ዓምድ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ከላይ በራሴ እጅ የተጻፈ «ስንፍና» አለ፤ ሁለት ጭረት ብቻ ነበር የቀረኝ። ቀሚሴ እርጥብ ነው፣ በእንቅልፌ ያሳለፍኳት ደቂቃ የለችም። «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። የሀጀራን ስም ከሥሬ ጻፍኩ፤ ለእሷም «ውሃ» አልኩ። ከዚያ ወደ ኋላ እየገለበጥኩ ከኅዳር ጀምሮ ያለውን የእሷን በሙሉ ሰርዤ አስተካከልኩ። ጣቴ አበጠ። ይበለኝ።

ችግኙንም አብረን አጠጣን። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በመስከረም ከተተከሉት መካከል የለመለሙት በሀጀራ ረድፍ ያሉት ናቸው። ሌላው ደርቋል፤ ሌላው አርፋጅ አልፎ አልፎ ነዋ የሚያረፍደው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነ። የሀጀራ ስም ከሚሰረዙት ወጣ። ስም መጥራት ወደ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዞረ፤ አርፍዶ የመጣ ተጽፎ ወዲያው ክፍሉ ይገባል ተባለ። አባባ ጀብሪል ቦኖውን አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መክፈት ጀመሩ፤ ሀጀራም በሚቀጥለው ሰኞ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው መጣች። ጋሽ ያለው «ዛሬ ምን ሆንሽ?» አሏት። ፈተናውንም ተቀመጠች።

ሰኔ መጨረሻ የወላጆች ቀን ሆነ። ግቢው ሞልቷል፤ እማማ ብዙዬ በበቅሎ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተጠራ፤ ወላጆች ለየልጆቻቸው አበባ አጠለቁ። ከዚያ መምህር ኒቆዲሞስ የእኔን መዝገብ ከፍ አድርገው ያዙ። ያ የቆሸሸ፣ የተሰረዘ መዝገብ።

«ይህ የአርፋጆች መዝገብ ነው» አሉ። «አንድ ልጅ መቶ አሥራ ሦስት ጊዜ ተጽፋበታለች። መቶ አሥራ ሦስቱንም ቀን ውሃ ቀድታ፣ ዳገት ወጥታ፣ እንደምትቀጣ እያወቀች መጥታለች። እኛ አርፋጅ አልናት። ዛሬ ስሟን እናስተካክላለን። ሀጀራ፣ ነይ።»

ጭብጨባው ከአጥሩ አልፎ ሄደ። እኔ እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ፤ እንባም መጣብኝ፣ አቧራ ነው ብያለሁ። ሽልማቱ የምስክር ወረቀት፣ ቦርሳና አንድ ደርዘን ደብተር ነበር። አክስቷ ስልኩን ወደ ላይ ይዛዋለች፤ ከውስጡ እናቷ ኡምኩልሱም ከጅዳ ሆና ታያለች። ስሟ ሲጠራ ከስልኩ እልልታ ወጣ፤ ትንሽ ቀጭን እልልታ፣ ግን ሁላችንም ሰማነው። እማማ ብዙዬ «የማን ድምፅ ነው? የልጄ አይደለም?» አሉ። ያቺው የፓስፖርት አክስት «የልጅሽ ነው፤ ሀጀራ አትሄድም ብላለች» አለቻቸው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኔ ያየሁት ይህ ነው። አንደኛ የወጣውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ አበባውም ይድረሰው። ግን ከኋላ ወንበር ላይ፣ በሰሌዳ አሻራ ሂሳብ የሚማር ልጅ አለ። አርፋጅ፣ ሰነፍ፣ ቀሪ ብለን ከመጻፋችን በፊት ለምን ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያቺን ደቂቃ ስቆጥብ አንዲት ልጅ ልትሰደድ ነበር። ጠይቁ። ከጠየቃችሁም በኋላ የጸናውን ሰው ሕዝብ ፊት ስሙን ጥሩት፤ ነገ ዳገቱን ሲወጣ የሚሰማው ያንን ነው።

በመጨረሻ ሕዝቡ ሲበተን ሀጀራን ከችግኞቹ አጠገብ አገኘኋት፤ አዲሱን ቦርሳ አንግታዋለች። ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ትከሻዋን ያዝኩ።

«አየሽ፣ የእኔ መዝገብ ባይኖር ይህን ሽልማት አታገኚም ነበር። እውነቱን እንነጋገር፤ ያሸለምኩሽ እኔ ነኝ።»

ሀጀራ የቦርሳውን ማንገቻ አጠበቀች።

«እውነትሽን ነው። በሩን ባታዘጊብኝ ኖሮ ደግሞ ሂሳብ እማር ነበር።»